በጁላይ የዋለ ገና

ወይዘሮ ቬርና ጠዋት ሲነሱ ከራሳቸው ጭንቅላት ይልቅ ሬዲዮናቸውን ነበር የሚያምኑት። እንዲህ ያደረጋቸው ባለፈው የበረዶ ወራት የደረሰባቸው ነው። ቅዳሜው እሁድ መስሏቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በተቆለፈው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ቄሱ አገኟቸውና ለልጃቸው ለማርሊስ ደወሉላት። ማርሊስ እያለቀሰች መጣች። "እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ የአረጋውያን ቤት ትገቢያለሽ፤ በቃ!" አለቻቸው።

ሟች ባላቸው በእጁ ከሠራው ቤት መውጣት ማለት ለሳቸው ሞት ነው። ስለዚህ ቀኑን ከኦርቪን አፍ ሳይሰሙ ከአልጋቸው አይወርዱም ነበር።

ኦርቪን የከተማችን ሬዲዮ የጠዋት አቅራቢ ነው። በሰባዎቹ ዓመታት፣ በዚህች የሚኒሶታ ከተማ፣ የአሳማ ዋጋ ቢባል የሞተ ሰው ቢባል የጠፋ ውሻ ቢባል የምንሰማው ከሱ ነበር። ታዲያ ሰውዬው በዓል ሲመጣ ያብዳል! ለሠራተኞች ቀን "ዛሬ ሥራ የለም" ብሎ ማይክሮፎኑ ፊት ተኝቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አንኮራፋብን። ለምስጋና ቀን ሊታረድ የነበረ፣ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ስቱዲዮ አስገብቶ "የመጨረሻ ቃልዎ ምንድን ነው?" እያለ ሲጠይቀው ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። በዚያ በጋ ግን በዓል ራቀበት መሰለኝ፣ ራሱ ፈጠረ።

"እንኳን ለገና በዓል አደረሳችሁ!" አለ አንድ የጁላይ ጠዋት፣ ደወል እያንቃጨለ። "ዛሬ ዲሴምበር ሃያ አምስት ነው! ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሯል፣ አካፋችሁን ይዛችሁ ውጡ!"

ወይዘሮ ቬርና ከአልጋቸው ተፈናጥረው ተነሱ። "ውይ በሞትኩት! ገናን ረሳሁት!"

በመስኮት ሲያዩ የጎረቤታቸው የክላይድ ቲማቲም ቀልቷል። ቲማቲም በገና? ግራ ገባቸው። ላባቸው በጀርባቸው ይወርዳል። ትኩሳት ይዞኛል ማለት ነው፣ አሉ። ኦርቪን ቀን አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው የሳቸው ጭንቅላት ነው። መጋረጃውን ዘጉና የሱፍ ሹራባቸውን ለበሱ።

ክላይድ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ በሩን ከፈት አድርገው፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ "እንኳን አደረሰህ!" አሉት።

"እንኳን አብሮ አደረሰን ቬርና! ብርዱ እንዴት ነው?" ብሎ እየሳቀ አለፈ። ቁምጣ ለብሷል።

"ይኼም ሰውዬ ለየለት" አሉና በሩን ዘጉ።

ከምድር ቤት የፕላስቲክ ዛፋቸውን አወጡ፤ መብራቱን አበሩ። እናታቸው ከኖርዌይ ይዛው እንደመጣችው ልማድ የሩዝ ገንፎ ሠርተው አንዲት ለውዝ ደበቁበት። ለውዟ የደረሰችው ሰው ሽልማት አለው። ማርሊስ ገናን አትቀርም፣ ብለው ተቀመጡ።

ማርሊስ ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳለች፤ ክንዷን ፀሐይ አቅልቶታል። በሩ ላይ ቆማ ዛፉን አየች፣ ሹራቡን አየች፣ በእናቷ ግንባር የሚወርደውን ላብ አየች። ወይዘሮ ቬርና ደግሞ የሷን ክንድ አዩ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባቸው። አለቀልኝ፣ አሉ በሆዳቸው።

ማርሊስ በሳቅ ፈነዳች።

"ወይ እማዬ! አንቺም ከኦርቪን ጋር አበድሽ? ቢሮ ስንስቅ ነው ያረፈድነው! ሹራቡ ደግሞ! ኧረ አንቺ ጉደኛ!" ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ገንፎውን በሉ። ለውዟ ማርሊስ ጥርስ ላይ ቀጭ አለች።

"ይቺንም አልረሳሽም! ለካ ያበድኩት እኔ ነኝ። ሰኞ የአረጋውያኑን ቤት ልንጎበኝ ቀጠሮ ይዤልሽ ነበር፤ አሁኑኑ ደውዬ እሰርዘዋለሁ።"

"አዎ፣ ቀልዴን እኮ ነው" አሉ ወይዘሮ ቬርና። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው።

ልጃቸው ስትሄድ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወሉ። ያነሳው ራሱ ኦርቪን ነው።

"መልካም ገና!"

"ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ገና ነዋ እማማ! ዝይዋን ምድጃ አልከተቱም እንዴ?"

"ኧረ እባክህ አትቀልድብኝ። ቀኑን የማምነው አንተን ነው። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።"

ኦርቪን ቀልዱን ተወ። "ሐሙስ ነው እማማ። ጁላይ ሃያ አምስት" አለ ቀስ ብሎ።

"ለማንም እንዳትናገርብኝ።"

"አልናገርም።"

በማግስቱ ሙዚቃም ሰላምታም ሳያስቀድም፣ "ዛሬ አርብ ነው፤ ጁላይ ሃያ ስድስት። የእውነት ነው" አለ። ደግሞም ደገመው። እኛ ቀልዱን ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። ምን ነካው ይሄን ሰው፣ ተባባልን።

ወይዘሮ ቬርና አልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው ሰሙት። "አርብ" አሉ፤ "እግዚአብሔር ይስጥህ።" ከዚያ ተነሱና መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቲማቲሙን አዩ።