የወንድም ጋሼ የካምቢዮ ዘይት

ጋሽ ጨርቄን ያወቅኳቸው አጎቴ ትቶልኝ በሞተው አሮጌ ሞተር ሳይክል ምክንያት ነው። ሱቅ ውስጥ ምርጥ ነው ያሉኝን የካምቢዮ ዘይት ይዤ ጋራዣቸው ሄድኩ። ከፍተው አሸተቱና መለሱልኝ። "ይሄን ለጠላትህም አትስጠው" አሉኝ። ለምን ስላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጨርቅ አሳዩኝና ይሄን ነገሩኝ።

ጨርቄ ቅጽል ስማቸው ነው። የማንንም ሞተር ዘይት ሲያወርዱ በነጭ ጨርቅ ያጠሉታል፣ ጨርቁንም ገመድ ላይ ያሰጡታል። ማርሾቹ ያሉበት ካምቢዮ ውስጥ የሚበላ ብረት ካለ ጨርቁ ላይ ግራጫ ብናኝ ይቀራል። "እኔ ከምናገር ጨርቁ ይናገር" ይላሉ። ጎረቤታቸው ጎማ ጠጋኙ ደግሞ "ሰው ሲያብድ ጨርቁን ይጥላል፣ ጋሽ ጨርቄ ግን ሰቅለው ነው ያበዱት" እያለ ይቀልድባቸዋል።

ሳይሰቀል የቀረ አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው ፖስተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የድሮ ሞተራቸውን "አህያዬ" እያሉ ጠዋት ጠዋት ይነዱ ነበር። አንድ ቀን የካምቢዮ ዘይት ሊያስቀይሩ መጡ።

"ያንኑ የለመደችውን አድርግላት።"

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ከዘመን ጋር ተጣልተሃል። ይሄ አዲሱ ለከባድ መኪና የሚሆን ጠንካራ ዘይት ነው።"

"አህያዬ ከባድ መኪና ናት እንዴ?"

"ዝም ብለህ ንዳ፣ ኋላ ታመሰግነኛለህ።"

ዓመት ሳይሞላ ማርሹ ይዘል ጀመር። ጋሽ ጨርቄ ዘይቱን ሲያወርዱ ጨርቁ ላይ የቀረው ግራጫ አልነበረም፣ ወርቅ የመሰለ ብናኝ ነው። ሽታው የተጫረ ክብሪት። ወዲያው ገባቸው። የድሮ ካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፣ አዲሱ ዘይት ውስጥ ያለው ድኝ በልቷቸዋል።

ጎማ ጠጋኙ በር ላይ ቆሟል፣ ደንበኞችም አሉ። ፖስተኛው "ምን ሆና ነው?" ሲሉ ጋሽ ጨርቄ ጨርቁን ጨምድደው ኪሳቸው ከተቱት።

"አነዳድህ ነው። የክላቹን እጀታ በደንብ ሳትጨብጥ ማርሽ ትቀይራለህ።"

ቢቆጡ ይሻል ነበር። ፖስተኛው ግን እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "እጄ ደክሟል በለኛ። አንተ ካልክ ነው።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ሄዱ።

ሰባት ዓመት ሞተሯ ሸራ ለብሳ ጥግ ላይ ቆመች። ጋሽ ጨርቄ እሁድ እሁድ ወንድማቸው ቤት ምሳ ሲበሉ "ዛሬስ እነግረዋለሁ" ይላሉ፣ ምላሳቸው ላይ ይደርስና ከምሳው ጋር ይውጡታል።

ባለፈው ዓመት ፖስተኛው "አህያዬን ሽጥልኝ፣ ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች" አሏቸው። ሞተሯ ከሄደች እውነቱም አብሮ መሄዱ ነው።

ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አዲስ የነሐስ ቀለበቶች አስወጥተው ለሞተሯ ገጠሙላት። ዘይቱን ግን እንዳለፈው በወሬ አልመረጡም። ሦስት የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዘይት ቀድተው፣ በየብርጭቆው አንዳንድ ትርፍ ቀለበት ነክረው፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሁለት ወር አቆዩ። አንዱ ቀለበት እንደ ከሰል ጠቆረ፣ አንዱ ዳለቸ፣ አንዱ እንደገባ ወጣ። ከዚያ ወንድማቸውን ጠርተው ብርጭቆዎቹን አሳዩ፣ የደበቁትንም ጨርቅ ከመሳቢያ አወጡ።

"ወንድም ጋሼ፣ እጅህ አልነበረም፣ ዘይቱ ነው። የመረጥኩት እኔ፣ የዋሸሁህም እኔ።"

ፖስተኛው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት።

"ሰባት ዓመት በእግሬ! ታዲያ ያኔ እጄ ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር።"

"አሁን ግን የምር ደክሟል።"

ፖስተኛው ቀለበቱን ያልነካውን ዘይት ተቀብለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ራሳቸው ቀዱላት። ከዚያ "ጨርቁን ስቀለው፣ እንደ ሰው ሁሉ" አሉ።

ሞተሯ አልተሸጠችም። ሐሙስ ከሰዓት ፖስተኛው ይመጡና በቆመችበት አስነስተው፣ ከአንድ እስከ አራት ማርሽ እየቀየሩ ድምፅዋን ይሰማሉ። ጋሽ ጨርቄ ያን ጊዜ ፊታቸውን አዙረው የጠረጉትን መፍቻ እንደገና ይጠርጋሉ።

እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ነው። አሮጌ ሞተር ያላችሁ ዘይት ሳትገዙ ሂዱ፣ የሌላችሁም ሂዱ። ጨርቁን ያሳዩአችኋል። ብቻ "አለፈ እኮ" እንዳትሏቸው።