እናቴ ብየዳ ያየች ቀን

ዛሬ ጠዋት የቤተክርስቲያናችን ቄስ አንድ የተሰበረ ጃንጥላ ይዘውልኝ መጡ። ሰማያዊ ከፈይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ፣ የብረት ዘንጉ ከመሃል ለሁለት የተሰበረ። «አንቺ ትበይጂዋለሽ ብለን ነው» አሉኝ። የማን ስለት እንደነበረ አላወቁም። አዲስ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ከፈዩን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ የእናቴ ሻንጣ ሽታ፣ የብል መከላከያው እንክብል ሽታ እስካሁን አለው። ወይ ጉድ!

እናቴ ይህን ጃንጥላ የተሳለችው እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። «እመቤቴ፣ ልጄን ኢንጂነር አድርጊልኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» ብላ። አንድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ አመጣላት፤ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ በነበረችው አፓርታማችን አልጋ ሥር ተጋድሞ የኔን ዲግሪ ይጠብቅ ጀመር። እሷ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «ኢንጂነሯ! በላሽ?» ትለኛለች። በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነበር።

ሒሳብ እወድ ነበር፣ አልዋሽም። ነገሩ የተበላሸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ፣ ከሰዓት ከሰዓት የሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ ስመዘገብ ነው። ለጨዋታ ነበር የገባሁት። የመጀመሪያ ቀን ጭንብሉን ሳወርድ ዓለም ጠፋ፤ ድቅድቅ ጨለማ። ብረቱን ነካ ሳደርገው ግን በዚያ ጨለማ መሃል አንዲት ጠብታ በራች። ብረቱ ቀለጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደ ማር ዘንበል አለ፣ እጄ ወደሄደበት ተከተለኝ። እጄ ብርሃን ይጎትት ነበር! ጭንብሉ ውስጥ ለብቻዬ «እንዴ! እንዴ!» እላለሁ። አስተማሪያችን፣ አንድ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ አለፈ። ያን ቀን ጸጉሬ የጋለ ብረት ይሸት ነበር፤ እኔም እንዳይለቀኝ ፈልጌ ሳልታጠብ ቆየሁ።

በኤፕሪል ወር ሁለት መልሶች መጡልኝ። ዩኒቨርሲቲው ለኢንጂነሪንግ ተቀበለኝ። የበያጆች ዩኒየንም፣ የሠራተኞቹ ማኅበር፣ እየተከፈለኝ እየሠራሁ እንድማር ተቀበለኝ። ሁለቱም በሜይ አጋማሽ ቁርጡን አሳውቂን አሉ። ለእናቴ ስነግራት ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ብየዳ? የመንገድ ዳሩ ብየዳ?»

«እማዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም።»

«ዓይንሽን ልታጠፊ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የደከምኩት?»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። የብረት በር የሚበየድበት ጋ ስትደርስ እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሽፍን አድርጋ «እንዳታዪ! ዓይንሽ ይጠፋል!» እያለች ታሻግራለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ብርሃን ፊቷን ስታዞር ነው የኖረችው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ስለቱ ነበር። ቃል የገባችው ለሰው አይደለም። «እሷን ምን ልበላት?» ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሯ» ማለቷን ተወች። በስሜ ትጠራኝ ጀመር፣ ሳትቆጣ።

ትምህርት ቤቱ ወላጆችን የጋበዘ ዕለት ትመጣለች አላልኩም። የኤርፖርት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከች አለች። በሩ ላይ ብልጭታውን ስታይ ፊቷን በስካርፏ ሸፈነች፤ ከዚያ አጠገቧ የቆሙትን የሌላ ሰው ልጆች «አትዩ! ዘወር በሉ እንጂ!» ትላለች፣ በአማርኛ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስተማሪው እየሳቀ ጭንብል አቀበለኝ። በእጄ አጠለቅኩላት፤ ሰፋት፣ ከኋላ አጠበቅኩት።

አንድ መስመር በየድኩ። ስጀምር ትንፋሿ ከጎኔ ይሰማኝ ነበር።

«ወይ እመቤቴ!» አለች። «ብረቱ ውሃ ሆነ እኮ!»

ስጨርስ ጭንብሉን ላነሳላት ብል እጄን ያዘችኝ። «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «አንዴ ብቻ፣ በሞቴ» አለች ደግሞ፣ ከረሜላ እንደሚለምን ሕፃን። በመጨረሻ ሳነሳላት ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር።

«ይሄን ነው እንዴ ስሸሽ የኖርኩት?» አለችኝ።

በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ስንመለስ «ምን አሰብሽ?» አልኳት። «ተይኝ እስቲ» አለች፣ መስኮቱን እያየች። እጄን ግን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቼን እያገላበጠች ታያቸው ነበር።

በሳምንቱ ልደታ ሆነ። ታቦቷ ወጥታ የቤተክርስቲያኑን ፓርኪንግ ስትዞር ቀና አልኩ። ሰማያዊ ከፈይ፣ የወርቅ ዘርፍ፣ በዴንቨር ፀሐይ ቦግ ብሎ! ክው አልኩ። እናቴን በሰው መሃል እየተጋፋሁ ፈለግኳት፤ እልልታዋን እያቀለጠችው አገኘኋት።

«እማዬ! ገና ምንም አልሆንኩም እኮ! መልስ እንኳ አልሰጠሁም!»

«እኔና እሷ ተነጋግረናል» አለችኝ። «አንቺ ምን አገባሽ?»

በማግስቱ ለዩኒየኑ እሺ ብዬ ደወልኩ። ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ኢንጂነሯ! በላሽ?» አለች።

የራሴን ወርክሾፕ ከከፈትኩ በኋላ በእረፍት ቀኗ እየመጣች ከጎኔ ትቆም ነበር። የራሷ ጭንብል ነበራት። ልጀምር ስል «እማዬ፣ ዓይንሽን!» እላታለሁ፤ ታወርደዋለች። ስንት ጊዜ አይታው፣ ሁልጊዜ «ወይ እመቤቴ!» ትል ነበር። ካረፈች ዓመት ሆናት።

ከፈዩን ከዘንጉ ላይ አወለቅኩና አጣጥፌ አስቀመጥኩት። የተሰበረውን ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ አሰርኩ። የሷ ጭንብል አሁንም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ በልኳ እንደጠበበ።

«እማዬ፣ ዓይንሽን!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።

እስክታወርደው ትንሽ ጠበቅኳትና ጀመርኩ።