ወደ ኋላ የወጣው ትከሻ

አባቴ ቢቸና ውስጥ የአንድ ደብር መሪጌታ ናቸው። ማሕሌት ይመራሉ፤ ከበሮ ሲመቱ የሚያውቃቸው ሰው ደግሞ ከግቢው ውጭ ሆኖም ይለያቸዋል። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ድምፅ ማጉያው እምቢ አለ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው እንደ ቆሙ፣ ዝናብ ባረጠበው እጃቸው የማይክራፎኑን ማቆሚያ ብረት ጨበጡት። ኤሌክትሪኩ ያዛቸው። አንድ ዲያቆን ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው። አባቴ አልወደቁም። ግድግዳውን ተደግፈው ጥቂት ቆዩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እኔ ባሕር ዳር በጋዜጠኝነት ነው የምሠራው። ስደውል የምሰማው ሁሉ ስለ መትረፋቸው የሚነገር ምስጋና ነበር። ትከሻቸውን እንደሚያማቸው የነገሩኝ የሌላ ጉዳይ ወሬ መሃል ነው። ክሊኒክ ሄደዋል። ወድቀው እንደሆነ ተጠይቀው አልወደቅሁም ብለዋል። ከፊት ለፊት ራጅ ተነሥተው ስብራት የለም ተብለው፣ ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል።

ከዚያ የልጅነት ጓደኛቸው መጡ። እኒህ ሰው ወጌሻ ናቸው፤ በአካባቢው የወለቀ እጅ ሲመልሱ የኖሩ። እሳቸው የሚያውቁት የወለቀ ትከሻ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ክንዱን ከጎን ገፍቶ የሚያቆመውን፣ ከሩቅ የሚታየውን ነው። የአባቴ እጅ ግን ሆዳቸው ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። ወጌሻው ጅማት ዞሯል ብለው በቅቤ ማሸት ጀመሩ።

ጋቢውም አዘገየን። አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት ቀኝ እጁን በጋቢው ውስጥ ደረቱ ሥር አጥፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲሄድ በእኛ አገር ማንም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ትሕትና ነው። ፍልሰታ ሲገባማ ሰፈሩ ሱባዔ የያዙ መሰለው። ሴቶቹ መንገድ ላይ እያስቆሙ በጸሎትዎ ያስቡን ይሏቸው ነበር። አባቴም አሞኝ ነው ለማለት አፍረው፣ እሺ እያሉ ያልፋሉ።

ለፍልሰታ በዓል ቢቸና ስደርስ ከበሮው ሌላ ሰው አንገት ላይ ነበር። አባቴ ጠርዝ ላይ፣ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ እንዳለ ቆመዋል። ከቅዳሴ በኋላ ቤት ገብተን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ በቅደም ተከተል እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። ልብሳቸውን ብቻቸውን መልበስ እንዳቃታቸው ሳይቀር ነገሩኝ። በመጨረሻ፣ ‹‹ሕመሙን እችለዋለሁ። ከበሮው ሲመታ ቆሜ ማየቱን ነው ያልቻልኩት›› አሉኝ።

ሞጣ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ተመድባለች ሲባል ሰምቼ ስለነበር በማግስቱ እንሂድ አልኳቸው። ወጌሻውም አብሬ ካልሄድኩ አሉ።

‹‹እኔ ያሸሁትን እጅ ሌላ ሰው ሲነካው አይቼ ልፍረድ።››

‹‹ና፤ ቅቤህን ብቻ እዚህ ተወው›› አሉ አባቴ።

ሚኒባሱ በጉንደ ወይን በኩል ሲያልፍ መንገዱ ያንገጫግጫል። መኪናው በዘለለ ቁጥር አባቴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ወጌሻው ደግሞ ሾፌሩን በአባቴ ፈንታ ይቆጡታል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ። አባቴ ከምስጋናው ሊጀምሩ ሲሉ ብረቱን በየትኛው እጅ፣ እንዴት አድርገው እንደያዙት እንዲያሳዩአት ጠየቀቻቸው። ከዚያ ጋቢውን አስወለቀቻቸው። ክርናቸውን ከጎናቸው ሳያላቅቁ ሁለቱንም እጆች ወደ ውጭ እንዲከፍቱ፣ መዳፋቸውንም ወደ ሰማይ እንዲያዞሩ ነገረቻቸው። ግራው ተከፈተ። ቀኙ ሆዳቸውን አልለቅ አለ። እሷ ራሷ ቀስ አድርጋ ልታዞረው ሞከረች፤ ግድግዳ እንደ ነካ ቆመ። ከኋላቸው ዞራ ትከሻቸውን ዳሰሰች።

ክንዱ ወደ ኋላ ወጥቷል አለችን። ብዙ ጊዜ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው፤ ይህኛው እምብዛም አይገጥምም፤ ስለዚህም ይታለፋል። ኤሌክትሪክ ሰውን ሲይዝ ጡንቻው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይኮማተራል፤ ወደ ውስጥ የሚስቡት ይበረቱና አጥንቱን ወደ ኋላ አሽቀንጥረው ያወጡታል። መውደቅ አያስፈልግም። ከፊት የተነሣ ራጅም ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል። እሷ ከብብት በኩል አስነሣቻቸው። የአጥንቱ ኳስ ከጎድጓዳው ወጥቶ ከኋላው ተቀምጧል። ወጌሻው ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብዙ አዩት።

አባቴ፣ ‹‹አሁን መታሸት ያለበትን አገኘኸው?›› አሏቸው።

ሐኪሟ ተስፋችንን አላጋነነችም። ሳምንታት ስላለፉ በመሳብ ላይመለስ ይችላል። ያ ከሆነ ባሕር ዳር ተልከው በቀዶ ጥገና ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ ከበሮ መምታታቸውን ግን ቃል ልትገባ እንደማትችል ነገረቻቸው። አባቴ ጀምሪው አሏት።

ማደንዘዣ ተሰጣቸው። ደረታቸው ላይ አንሶላ ተጠምጥሞ እሷ ከምትስብበት በተቃራኒ ወገን አጥብቆ የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ነርስ ከኋላ ኳሱን ትገፋለች። ሐኪሟ ወጌሻውን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ ‹‹አባባ፣ ሥራዎን አውቃለሁ›› አለች። ‹‹ግን እዚህ አይጎትቱልኝም። መያዝ ብቻ።››

‹‹እሺ የኔ ልጅ። ዛሬ ምሰሶ ነኝ።››

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ክንዱን በጉልበት አልሳበችውም፤ ጡንቻው እስኪላላ ድረስ በዝግታ አስረዘመችው። ረጅም ጊዜ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። የወጌሻው ግንባር ላብ አወጣ፤ አንሶላውን ግን አንድ ጣት አላላሉትም። ከዚያ እኔ ከቆምኩበት የተሰማ ድፍን ድምፅ መጣ፤ ሐኪሟ ክንዱን ወደ ውጭ አዞረችው፤ ዞረ። ወጌሻው፣ ‹‹ገባ›› አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እሷ ግን ገብቷል ያለችው ሌላ ራጅ አስነሥታ ካየች በኋላ ነው።

አባቴ የተመለሱት ክንዳቸው ከጎናቸው ተራርቆ፣ መዳፋቸው ወደ ፊት ተዘርግቶ በጄሶ ታስሮ ነው። ቢቸና ሲደርሱ ባጃጆች ያስቆሟቸው እየመሰላቸው ቆሙ። የሚያልፈው ሁሉ ለሰላምታ የዘረጉ መስሎት እጃቸውን ይዞ ይስማል። ወጌሻው፣ ‹‹ሱባዔውን ጨርሰህ ምጽዋት ጀመርክ›› እያሉ ለሳምንታት ቀለዱባቸው።

ጄሶው ከተፈታ በኋላ ሐኪሟ ያሳየቻቸውን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሠሩ። አሁንም ቀኙ ወደ ውጭ ሲዞር ከግራው ትንሽ ያንሳል። ወጌሻው የሚያም ትከሻ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ልብስ ያስወልቃሉ፤ መዳፍ ያስዞራሉ። አልዞር ካለ አይነኩትም፤ ሞጣ ሂድ ይላሉ።

ኅዳር ጽዮን ዕለት አባቴ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አስገቡ። ለስለስ አድርገው ጀመሩ፤ እየቆየ ጠነከረ። መሃል ላይ አውልቀው አጠገባቸው ለቆመው ሰጡት። አሟቸው ይሆናል ብዬ ከማሕሌቱ በኋላ ጠየቅኋቸው።

‹‹ምን ያመኛል›› አሉኝ። ‹‹የእሱ ተራ ደርሶ ነው።››