የአክስቴ ክትፎና የደሴቱ ዓሣ

ጋራዤ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን አለ። ክዳኑን በከፈትኩት ቁጥር የቅቤና የኮረሪማ ሽታ ይወጣል። በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ የቴክሳስ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። አልለቅም ብሏል። እኔም ተውኩት።

ሣጥኑ የአክስቴ ነበር። ሚሌኒየማችንን ባከበርን ማግሥት፣ በዲቪ መጥቼ ዩለስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ እሷ ቤት ሶፋ ላይ አድር በነበረበት ጊዜ፣ አክስቴ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ኩሽና የአውሮፕላን ምግብ በትሪ ስትሞላ ትውል ነበር። ቤት ስትገባ ደግሞ ለእኛ ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ ትጨምራለች። እሷ የምትበላው ሁላችን ከጠገብን በኋላ፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ከድስቱ ነው። እዚሁ ያደገችውን ልጇን ይህ ያንገበግባት ነበር። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እንደያዘች ለሦስታችን ትኬት ቆረጠች፤ ፓስፖርት ወደማይጠይቅ፣ የአሜሪካ ወደሆነ፣ ዘንባባ በዘንባባ ወደሆነ ደሴት።

«ባሕሩን እንድታይ ነው?» አልኳት።

«ኖ። እማ ቁጭ ብላ፣ ሌላ ሰው የሠራውን ስትበላ ማየት ነው የምፈልገው። አንድ ቀን። ዛትስ ኢት።»

አክስቴ ግን አላመነችም። «የሰው ማጀት ውስጥ ማን ምን እንደነካ ታውቃላችሁ? እኔ ኩሽና ነው የምሠራው፣ አትንገሩኝ!» ልጇም ከኢንተርኔት ምክር ለቃቅማ ነበር፦ መጠጥ ላይ በረዶ አታስጨምሩ፣ ያልተላጠ ፍሬ አትንኩ፣ ጥርሳችሁን እንኳ በታሸገ ውኃ ቦርሹ። በእንዲህ ያለ ምክር ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ የሚያስፈራራን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ማጀት ነው። ከቤታችን ይዘን ስለምንሄደው ማንም አያስጠነቅቀንም።

አክስቴ የያዘችው ክትፎ ነበር። ጥሬ። ጋርላንድ ከተማ ካለ የሀበሻ ሥጋ ቤት ተገዝቶ፣ በእጇ ተከትፎ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ተከቦ። ሻንጣዎቻችን ከእኛ ጋር ደረሱ። ሣጥኑ ግን በሌላ አውሮፕላን ሲንሸራሸር ቆይቶ በማግሥቱ መጣ። በረዶው ውኃ ሆኗል።

«እማ፣ ይሄ ሴፍ አይደለም።»

«ምን ሆነና? ትንሽ ሞቅ ብሎ ለብለብ ሆነልሽ እንጂ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።»

አፈር ልሁን ያለችን ሴት ጉርሻ የሚመልስ አንጀት አልነበረንም። መስኮታችን ሥር ዓሣ ይጠበሳል፣ ሽታው መጋረጃውን አልፎ ይገባል፤ እኛ የሆቴሉ አልጋ ላይ ፎጣ አንጥፈን ክትፎ በላን። ለጥንቃቄ ደግሞ የታሸገ ውኃ ጠጣንበት። አክስቴ ታጎርሰናለች እንጂ አልቀመሰችም፤ እንደ ልማዷ መጨረሻ ላይ ልትበላ ነበር። እኔ አላስተረፍኩላትም።

ሲነጋ ሽንት ቤቱን በተራ ያዝነው። ኋላ ተራውም ቀረና የቀደመ ገባ። አክስቴ ግንባራችንን እየዳበሰች የደሴቱን ውኃ ረገመች፤ እሱን ጨርሳ አየሩን ረገመች። የክትፎውን ነገር ማንም አላነሣም። «እስቲ ሩዝ በጨው ይቀቅሉልኝ እንደሆን ልይ» ብላ ወረደች። ከዩለስ ከተነሣን ጀምሮ፣ በቦርሳዋ ከያዘችው ዳቦ በቀር እህል በአፏ አልገባም።

ልጇ ግድግዳ እየተደገፈች ወደ በረንዳው ወጣች፤ እኔም ሆዴን ይዤ ተከተልኳት። ታች፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሽርጥ ያሸረጠች ወፍራም ሴት ዓሣ ትጠብሳለች። አክስቴ በእጇ ምልክት ድስት፣ ሆድና ሁለት በሽተኛ አሳየቻት። ሴትዮዋ ሩዙን ጣደች፣ ወንበር ሳበችላት፣ ከመጥበሻው አንድ ሙሉ ዓሣ አውጥታ አቀረበችላት።

አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ እምቢ አለች። ደንቡ ነው። ይህ የመጀመሪያው እምቢታ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ አለው፤ ከዚያ በስንት መሐላ ተለምና ትበላለች። ሴትዮዋ ግን ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሳህኑን ይዛ ሄደች።

አክስቴ ዓሣውን በዓይኗ ሸኘችው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ወሰደችባት!» አለች ልጇ፤ ሳቁና ቁርጠቱ አንድ ላይ መጥተውባት የበረንዳው ብረት ላይ ተደፋች።

አክስቴ ግራ ቀኝ አየች። የሚያውቃት ሰው አለመኖሩን ስታረጋግጥ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣችና ሴትዮዋን ጠራቻት።

ሳህኑ ተመለሰ። በጣቷ ጫፍ ቆረሰች፣ አሸተተች፣ ጎረሰች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች፤ ጫማዋን አወለቀች። ሴትዮዋ ሌላ ስትጨምርላት እንኳ ልርዳሽ፣ ሳህን ላንሣልሽ ብላ አልተነሣችም። ከጀርባዋ ባሕሩ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ዞራም አላየችው።

አክስቴ አሁን የለችም። ከልጇ ጋር ስልክ ስናወራ ከየትም ብንጀምር የምንጨርሰው እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

ያን ዕለት ሩዙ ደርሶ ነበር፤ እንፋሎቱ ከላይ ይታየናል። እኔ ሕመሙም ረሃቡም ስለጠናብኝ «አክስቴ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ልጇ በመዳፏ አፈነችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አትጥራት» አለች። «ገና እየበላች ነው።»