አገኘሁሽ ያስተማረችው መርዶ

መምህርት አገኘሁሽን ለማያውቃት ሰው ላስተዋውቅ ብል ከድምጿ እጀምራለሁ። የእኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ በዚህ በኩል ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር፣ እሷ በዚያ በኩል ለአራተኛ ክፍል ግብረ ገብ ታስተምራለች። ከአጥራችን ጀርባ ያሉት የሩዝ መፈልፈያዎች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ፤ ገለባው በመስኮት እየገባ ደብተር ላይ ያርፋል። ያ ሁሉ ጩኸት ግን የእሷን ድምፅ አሸንፎ አያውቅም። «አንድ ሦስተኛ ሲደመር አንድ ስድስተኛ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ የእኔዎቹ ተማሪዎች ከግድግዳው ማዶ ካሉት ጋር አብረው «እንደምን አደሩ!» ያሉኝ ቀን ብዙ ነው።

መጽሐፉ ስለ ማኅበራዊ ኑሮና ስለ ባህል ሁለት ገጽ አለው። ልጅ ከቤተሰቡ፣ ከጎረቤቱና ከእኩዮቹ እየተማረ ያድጋል ይላል። ሌሎቻችን ብንሆን ሰሌዳ ላይ ገልብጠን «ጻፉ» ብለን እንገላገል ነበር። አገኘሁሽ መጽሐፉን ትዘጋና ልጆቹን ታስነሳቸዋለች። አንዱ ሽማግሌ ሆኖ ሲገባ ሌላው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። ሽማግሌው «በእግዜር» ሳይል ከተቀመጠ ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንዷ ታማ ትተኛለች፤ የተቀሩት ሊጠይቋት ይመጣሉ። «አክስቴንም የገደላት ይኸው በሽታ ነው» ያለ ልጅ ከጠያቂነት ተባሮ በር ላይ ይቆማል። እኔ ደግሞ ሥራ አጣሁና በእረፍት ሰዓት «ትያትር ቤቱ ዛሬ ምን ያሳያል?» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

የራሷ ሕይወት ግን ትያትር አልነበረም። የተወለደችው ከፎገራ ሜዳ ወደ ሐይቁ ጠጋ ብሎ፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ከሚከበው መንደር ነው። አባቷ ሲሞት ታናሽ ወንድሟ ባየህ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። እሷ ተቀጥራ ወደዚህ ወደ ወረታ ስትመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ይዛው መጣች። አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ የመጣላትን ባል ሁሉ «ልጁ ይድረስልኝ» እያለች መለሰች። እሱ እሷን «እታለም» ይላታል፤ እሷ እሱን «ልጄ» ትለዋለች። ባየህ አሥረኛ ክፍልን ሲወድቅ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄደ። ከሄደ ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ስልኩ ከተዘጋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በየቀኑ ጧት ወደ ክፍል ከመግባቷ በፊት ትደውላለች፣ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «እንደምን አደራችሁ!» ትላለች።

መርዶን ያህል ነገር ለአሥር ዓመት ልጆች ማስተማር የጀመረችው ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ መስከረም ላይ ነው። ምክንያቱ ገበያው የሚባል ልጅ ነበር። ገበያው ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። አንድ ቀን ከሰልፍ በፊት ደብረወርቅ የምትባለዋን የክፍሉን ልጅ «አባትሽ እኮ ሞቷል፣ እናቴ ስታወራ ሰማሁ» አላት። ልጅቷ ደብተሯን ጥላ ከግቢው ወጣች፣ አስፋልቱ መሀል ቆመች። ያን ዕለት አንድ ባጃጅ ነጂ ፍሬን ባይዝ ኖሮ አንድ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ይወጣው ነበር። ገበያው ተገረፈ። አገኘሁሽ ግን በግርፋቱ ተናደደች።

«ማን አስተምሮት ያውቃል?» አለች መምህራን ክፍል ውስጥ። «ሰው ሲያረዱ አብሮ አይሄድም፤ ልጅ ነው ብለን እናባርረዋለን። ታዲያ ከየት ይማረው?»

ርዕሰ መምህሩ ፊቱን አጨፈገገ። እኔም «ሟርት በክፍለ ጊዜ ሊገባ ነው» ብዬ አሳቅሁባት። እሷ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። በማግስቱ በግድግዳው በኩል ስሰማ የዋልኩት ይህንን ነው። መርዶ በጧት፣ ቤት ውስጥ እንጅ መንገድ ላይ አይነገርም። ባዶ ሆዱን ላለ ሰው አይነገርም፤ መጀመሪያ እህል ይቅመስ። ቢላዋም ሆነ ምላጭ፣ ስለት የሆነ ነገር ሁሉ ካጠገቡ ይነሳል። በግራና በቀኙ ሰው ይቆማል፤ ብቻውን አይተውም። በልጅ አፍ ፈጽሞ አይነገርም። ልጅ ዝም ይላል፣ አጠገብ ይቆማል፣ እሱም ትልቅ ሥራ ነው።

የነጋዴው የሳልህ ልጅ መዲና እጇን አወጣች። «እኛ ቤት ግን ቶሎ ነው የሚነገረው ቲቸር። ማቆየት ደግ አይደለም ይላል አባቴ።»

አገኘሁሽ «አባትሽም እውነት አላቸው» አለች። «ማቆየት የሚያስከፍለው ነገር አለ።» ከዚያ ትምህርቱን ቀጠለች።

ጥቅምት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከመተማ የተመለሱ ሁለት ልጆች ወሬውን ይዘው ወረታ ገቡ። ባየህ ወባ ይዞት ሦስት ቀን ታመመ፣ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ሲመሽ የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደ ሥላሴ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ጎረቤቷ ሳልህና እኔ ተሰበሰብን። ችግሩ መንደር የቀሩት እናቷ ነበሩ። ሜዳው ላይ ውኃው ገና አልደረቀም፤ የእናቷ መንደር ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ ጭቃ መርገጥ ይጠይቃል።

«እናትና ልጅ በአንድ ጧት ይስሙ» አሉ መምሬ። «አንዷ ሰምታ ለሌላዋ ብትደውል ሴትዮዋን እንገድላቸዋለን። ሰዎቹ ነገ ይሂዱ፤ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ እዚያም እዚህም ይነገር።»

«ነገስ?» አለ ሳልህ።

«ነገ እንደ ወትሮዋ ታስተምር።»

ሳልህ ደስ አላለውም። «እንግዲያው ሌሊት ባለቤቴ ከእሷ ጋር ትደር» አለ። በጠንካራ ድምፅ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። «ትጠረጥራለች» አልኩ። «እሷ እኮ የዚህ ነገር መምህርት ናት፤ ማንም እንዳይጠጋት።» ብልህ ሆኜ ታየኝ። መምሬና ርዕሰ መምህሩም «ልክ ነው» አሉ፤ ሰኞን ሙሉ ዐይኔን ከእሷ እንዳልነቅል አደራውን ለእኔው ሰጡኝ።

እኛ ይህን ሁሉ ስንዶልት የረሳነው ነገር፣ ወረታ ውስጥ ወሬ በእያንዳንዱ ቤት እራት ላይ እንደሚቀርብ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ደግሞ ልጅ አለ።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተደወለ። ጠመኔዬን አንስቼ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ስጽፍ አንድ ነገር ጎደለኝ። የግድግዳው ማዶ ዝም ብሏል። መፈልፈያው ያጓራል፤ ከሱ ሌላ ምንም የለም። ለተማሪዎቼ ሥራ ሰጥቼ ወጣሁና በእሷ ክፍል በር አጠገብ ቆምኩ።

ሃምሳ ሁለት ልጆች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጠረጴዛዋ ተወልውሏል። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ዳቦ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና የተላጠ ብርቱካን ተደርድሯል።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለች አገኘሁሽ እየሳቀች።

«ይቅመሱ ቲቸር» አለች መዲና። ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ አደረገች።

«ቁርሴን በልቻለሁ እኮ።»

«ትንሽ ብቻ። በሞቴ።»

እንዳይከፋቸው ብላ ዳቦውን ቆረሰች፣ በላች። ስትበላ ልጆቹ ሁሉ አፏን ያዩ ነበር። ስትጨርስ ደብረወርቅ ከቦታዋ ወጥታ በቀኟ ቆመች፤ መዲና በግራዋ። አገኘሁሽ አሁንም አልገባትም። የፊተኛው ወንበር ጋ የቆመው ልጅ እርሳሱ ደንዝዞ አየች፣ እርሳሱን ተቀበለችው፣ እጇን ወደ ክፍሉ ዘረጋች።

«እስቲ አንድ ምላጭ ስጡኝ።»

ማንም አልሰጣትም። በሌላ ቀን ቢሆን ሃያ ልጅ ይሮጥ ነበር፤ እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነውና።

«ምላጭ» አለች እንደገና። «ሃምሳ ልጅ አንድ ምላጭ ያጣል?»

«የለንም ቲቸር» አለ ገበያው። አንገቱን ደፍቷል። ኪሱ በክብሪት ቀፎ አብጧል፤ የክፍሉን ምላጭ በሙሉ ጧት በር ላይ ቆሞ የሰበሰበው እሱ ነበር።

የአገኘሁሽ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ዳቦውን አየች። በቀኟ ያለችውን፣ በግራዋ ያለችውን ልጅ አየች። ያኔ ገባት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሲገባት አየሁ። አፏን ከፈተች፤ «ማን ነው?» ልትል እንደሆነ አውቄያለሁ። ሃምሳ ሁለቱም ልጆች ዐይን ዐይኗን ያያሉ፣ ገበያው ከንፈሩን ነክሶ ይዟል። ብትጠይቀው ይነግራት ነበር፤ ልጅ ነው፣ አይችልም። እሷ አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ጎበዞች» አለች ቀስ ብላ። «ተቀመጡ። ደብተር አውጡ።»

ያን ጊዜ መግባት ነበረብኝ። እጇን ይዤ ወደ ቤቷ መውሰድ ነበረብኝ። ተመልሼ ሒሳቤን አስተማርኩ።

በእረፍት ሰዓት መጣችና በሬ ላይ ቆመች። እጇ በጠመኔ ነጭ ሆኗል።

«አያልነህ፣ ከመተማ የመጣ ሰው አለ ይሆን?»

«ኧረ እኔ አልሰማሁም» አልኳት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

«እናቴስ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው! እሳቸውማ በጣም ደህና ናቸው!»

መዋሸት የማይጠይቅ አንድ ጥያቄ በማግኘቴ እፎይ ብዬ፣ ቶሎ፣ አፌን ሞልቼ መለስኩላት። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሠራሁት የታወቀኝ፤ እናቷ ካልሆኑ ባየህ ነው። ልጆቹ የጠበቁትን እኔ ነገርኳት። እሷ ግን «እሺ» ብቻ አለች፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ቀኑን ጨርሳ አስተማረች። ድምጿን ግን በግድግዳው በኩል አልሰማሁትም።

ሲለቀቅ ልጆቹ ተከተሏት። ብዙዎቹ በየመንገዱ ቀሩ፤ ደብረወርቅና መዲና በሯ ድረስ ሄዱና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «ሂዱ እንጅ፣ ቤት ይጠብቋችኋል» ብትላቸው እንቢ አሉ። ቀኑ ሲጨልም የደብረወርቅ እናት መጥታ ልጇን እየጎተተች ወሰደቻት፤ ሳልህም መዲናን ጠራት። እኔ ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። ከዚያ እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሄጄ ግን በሯን አላንኳኳሁም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከሳልህ ቤት ተሰባስበን ወጣን። መምሬ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እኛ ከኋላ። በሯ ክፍት ነበር። ቤቱ ተጠርጓል፤ አግዳሚው ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል፤ ውኃ በጆግ ተቀድቷል። እሷ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። ዐይኖቿ አብጠዋል።

«ኖር» አለች ለመምሬ።

ሽማግሌው «በእግዜር» ማለት አቃታቸው።

«ይግቡ አባቴ። እህል ቀምሻለሁ። ስለት ቤት ውስጥ የለም፤ በመስኮት አውጥቼዋለሁ። ይንገሩኝ።»

መምሬ ነገሯት። ስለ ወባው፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ መቃብሩ። እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ልጆቹን እንዳትቆጧቸው» አለች። «አንዳቸውም አልነገሩኝም። አንድም አላጠፉም። እስኪመሽ ደጄ ላይ ነበሩ።» ወደ ደጃፉ አየች። «ብቻዬን ያደርኩት እናንተ ከወሰዳችኋቸው በኋላ ነው።»

ሳልህ አንገቱን ደፋ። እሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጣለች፤ «ልጄን!» ብላ ስትጮህ መንደሩ በሙሉ ሰማ፤ ሴቶቹ ከየቤታቸው እየሮጡ መጡ። ስትወድቅ ሮጬ ግራ ክንዷን ያዝኩ። በቀኟ በኩል ማን እንደያዛት ያየሁት ቆይቼ ነው። ደብረወርቅ ነበረች። የደብተር ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛታለች። ምንም አልተናገረችም።