ገልባጭ ነጂው ደርሞት ብስክሌት ላይ የወጣ ዕለት

ደርሞት ታሊ ከምሥራቅ ለንደን ግቢያችን አሸዋና ጠጠር ወደ መሐል ከተማ ሲያመላልስ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ወንዙን ስንሻገር ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች በጣቱ እያሳየ፣ "ያንን እኔ ነኝ ያቆምኩት" ይል ነበር። መሐንዲስ የሚባል ፍጥረት መኖሩን የሰማ አይመስልም። ብስክሌተኞችን "ትንኞቹ" ነበር የሚላቸው። ለንደን መኪና ሁሉ የመንገዱን ግራ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በእግረኛ መንገዱና በገልባጩ ግራ ጎን መካከል የሚሾልኩት ሞት ናፍቋቸው ነው ብሎ ያምን ነበር።

አንድ ጸደይ ላይ ኩባንያችን፣ መሐል ከተማ የሚነዳ ሁሉ ብስክሌት ላይ ወጥቶ በአስተማሪ ይፈተን የሚል ትእዛዝ አወጣ። የወደቀ ግቢ ቀርቶ የሌላውን መኪና ያጥባል። ደርሞት ይህን ሲሰማ ምሳውን አልጨረሰም። ከመሪ ወረደ ማለት ለእሱ ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነበር።

አስተማሪያችን ሮዊና የምትባል፣ ድሮ በብስክሌት ፖስታ ስታደርስ የኖረች ቀጭን ሴት ነበረች። ከተፈታኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ደርሞት ብስክሌቱን ሲሰጡት ወዲያው አልወጣበትም። ማንኛውም ነጂ መኪናውን ዞሮ ሳያይ እንዳይነሳ የሚል ደንብ አለን፤ ስለዚህ ዞረው። ጎማዎቹን በጫማው መታ መታ አደረገ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ብስክሌቱ ተጋደመ። አንስቶ አቧራውን አራገፈና ስፖኪዮው የት እንዳለ ጠየቃት።

"አንገትዎ ነው" አለችው።

ያ አንገት ብዙ ዘመን ሳይዞር ኖሯል። ሲያዞረው ድምፁ ከኋላ ላለነው ተሰማን።

በልጅነቱ ነድቶ ኖሮ አነዳዱ ክፉ አልነበረም። ችግሩ የመጣው ወደ ግራ መታጠፊያው ላይ ነው። ረጅም መኪና ወደ ግራ የሚያጥፍ ሰው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሰፋ አድርጎ ይይዛል፤ አለዚያ የኋላ ጎማው እግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። ደርሞትም ያቺን ሚዳቋ የመሰለች ብስክሌት እንደ ገልባጭ ወደ ቀኝ ሰፋ አደረጋት። እጁን መዘርጋት ሲገባው በአውራ ጣቱ ፍሬቻ ይፈልግ ነበር። ከኋላው የነበረችው ሮዊና ቀኝ ሊታጠፍ ነው ብላ በግራው ገባች። በዚያው ቅጽበት ደርሞት ወደ ግራ ተጠመዘዘ። ተያይዘው መታጠፊያው ላይ አበባ የሚሸጥ ሰው ባልዲዎች መካከል ወደቁ።

ደርሞት ከብስክሌቱ ሥር ሆኖ፣ ከጋቢና በሚናገርበት ድምፅ፣ "የት ነው የምትገቢው፣ ልጄ? እየታጠፍኩ እኮ ነው" አላት።

"ቀኝ ሲሄዱ አየሁዋ። ቀኝ የሚሄድ ሰው ግራውን ለቀቀ ማለት አይደል?"

ደርሞት ከአንገትጌው ውስጥ አንድ አበባ አወጣ። "ትንኞቹ ሁሉ እንዲህ ብለው ነው የሚገቡት?"

"ታዲያ ምን ብለን እንገባለን?"

አበባ ሻጩ ቀስ ብሎ መጥቶ የማን ሠርግ እንደሆነ ጠየቀ።

አስተማሪውን የጣለ ተፈታኝ ያልፋል ብሎ የገመተ ከመካከላችን አልነበረም። ደርሞት ራሱ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመለስ፣ የመኪና ማጠቢያውን ቱቦ ማን እንደሚያስረክበው ጠየቀኝ። ግቢ ስንደርስ ግን ሮዊና ውጤቱን ከመናገሯ በፊት እሷም በተራዋ ጋቢና መውጣት እንዳለባት ነገረችን። ደርሞት በገዛ ወንበሩ አስቀመጣት። እኛ ብስክሌታችንን ይዘን ከገልባጩ ግራ ጎን ተደረደርን። ደርሞት ማን ማን እንደሚታያት ጠየቃት። በመስኮቱ አየች፤ በስፖኪዮው አየች።

"ሁሉም ምሳ ሄዱ እንዴ?" አለች።

እኛ ከሥሯ እጃችንን እያውለበለብን ነበር።

ስትወርድ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በገልባጭ ጎን ስትሾልክ ነጂው ያያት እየመሰላት ኖራለች። ለደርሞት ይህንኑ ነገረችውና፣ "አሁን ያንን መታጠፊያ ይድገሙልኝ" አለችው።

ተመልሰን ሄድን። ደርሞት ግራውን ይዞ፣ አንገቱን አዙሮ፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ ታጠፈ። አበባ ሻጩ ባልዲዎቹን አስቀድሞ ወደ ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። ደርሞት አለፈ፤ በማግስቱም ገልባጩ ላይ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ግራ ከመታጠፉ በፊት ይቆማል። በግራ በኩል ያለውን መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ከጎኑ ላሉት ብስክሌተኞች፣ "ቀኝ ስይዝ ብታዩኝ አትመኑኝ፣ ግራ ነኝ" እያለ ያስረዳል። ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክስ ያንባርቃል። እሱ አይቸኩልም። ያልገባው ካለ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል።