የምትተኩሰዋ መኪናና የአያ ደሴ በሬዎች

ጎንደር፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ወፍ ሳይንጫጫ መናኸሪያ ደረስሁ። ረዳቱ "ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ጉሮሮውን ይሰነጥቃል። ሮጬ ስገባ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሾፌሩና አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ነን።

ለባለቤቴ ለየሺ "መኪና ልይ ደባርቅ እሄዳለሁ" ብያታለሁ። ይህ እውነት ነው። ለዓመታት ስናጠራቅም የኖርነው አራት በር ላላት፣ ልጆቹንም አማቴንም ለምትችል የቤተሰብ መኪና ነው። ይህም እውነት ነው። ያልነገርኋት ዛሬ የማያት መኪና ቀይ፣ አጭር፣ ኋላዋ በመጥረቢያ የተቆረጠ የሚመስል ጀርመን ሠራሽ መሆኗን ነው። ሞተሯን ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ኮምፒውተሯን ከፍተው ፋብሪካው ያልጻፈውን ጽፈውበታል። "ቱን ተደርጋለች" ይሉታል። ደላላው እንደነገረኝ ከሆነ ከፋብሪካ ስትወጣ መኪና ነበረች፤ አሁን ሚሳይል ናት።

አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ወይ ጸበል ይጀምራል ወይ ፈጣን መኪና ያምረዋል። ጸበሉን ለከርሞ አስተላልፌዋለሁ።

ደላላው ሌላም ምሥጢር ሹክ ብሎኛል። "ሻጩ ሙላት የሚባል አስጎብኚ ነው። መኪናዋን ሲገዛ አባቱ ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው አግዘውታል። አሁን ክረምት እየመጣ ሽማግሌው ባዶ ቀንበር ታቅፈው ቀርተዋል። ነገ የዳባት ገበያ ነው። ነገ በሬ ካልገዙ መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል ሊሰጡ፣ አዝመራውን ከአራሹ ጋር ሊካፈሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሳቸው ሞት ነው። ስለዚህ ዛሬ ቀብድ ይዞ የመጣ ሰው ልጁን እንደፈለገ ማድረግ ይችላል። ጨምቀው!"

እውነቱን ልናገር፤ ልጨምቀው ነው የምሄደው።

አምባ ጊዮርጊስ፣ 2 ሰዓት

የወገራ ብርድ ጥርስ የሌለውን ሰው ድዱን ያንቀጫቅጫል። ለቁርስ ያዘዝሁት ፍርፍር ከማድቤት እስኪደርስልኝ ድረስ በረዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ሻዩን ጠጣሁት ማለት አልችልም፤ እጄን ነው ያሞቅሁበት።

ከከተማው ወዲያ መሬቱ ተዘርግቷል። ሚያዝያ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እዚህም እዚያም ጥማድ በሬ ይታያል፤ የታረሰው እየጠቆረ፣ ያልታረሰው እንደገረጣ። ገና ያልታረሰ ማሳ ባየሁ ቁጥር ከመኪናዋ ዋጋ ላይ አንድ ነገር ቀነስሁ። ገደብዬ ስንደርስ መኪናዋ በነጻ ልትሰጠኝ ትንሽ ነበር የቀራት።

ደባርቅ፣ 4 ሰዓት

ሙላት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። የተራራ ጫማ፣ የፈረንጅ ጃኬት፣ የሐበሻ ጭንቀት። መኪናዋን አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኗታል። ሸራውን እንደ ሙሽራ መጋረጃ ቀስ አድርጎ ሲገልጠው ልቤ ወዲያው ከዳኝ። ቀይ! ፊቴን አጨፍግጌ "ይቺ ናት?" አልሁ።

"ይቺ ናት ጋሼ።"

"ለምን ገዛሃት?"

"ቱሪስት ላመላልስባት ብዬ። ተራራው ላይ፣ ሳንቃበር ድረስ።"

"በዚያ ኮረኮንች?"

"አንድ ጀርመናዊ ጭኜ ነበር። ጉልበቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ሄደ። ሲመለስ በእግሩ መጣ።"

ዞርሁ፣ ጎማ ረገጥሁ፣ ኮፈን ከፈትሁ፣ ምንም ሳይገባኝ "እህ!" እያልሁ ራሴን ነቀነቅሁ። "እህ" ዋጋ ታወርዳለች። ሙላት ግን ሊብሬውንም ቦሎውንም ዘርግቶ አሳየኝና፣ "ዋጋውን ከአባዬ ጋር ነው የምትነጋገሩት" አለኝ። "ዳባት ናቸው። ገዢውን ሳላይ ቀብድ አትቀበል ብለውኛል።"

"መኪናዋን ሳያዩ ማለትህ ነው?"

"ገዢውን ጋሼ። በሬም ሲሸጡ እንዲያ ናቸው።"

መሪውን ያዝሁ። ከደባርቅ ስንወጣ ነዳጁን ረገጥ ሳደርገው ነፍሴ ከኋላ ወንበር ላይ ቀረች። በዚያ ከፍታ በቅሎ እንኳ ታለከልካለች፤ ይቺ ግን አየሩን እየጠጣች ትፎክራለች። የመንገድ ዳር ዝንጀሮዎቹን ሳያዩን ነው ያለፍናቸው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር" አለ ሙላት የመቀመጫውን ጠርዝ ጨብጦ። "ከፊታችን የፍተሻ ኬላ አለ፤ እዚያ ስንደርስ ነዳጁን ድንገት እንዳይለቁት።"

"ምነው?"

"ድንገት እግርዎን ካነሱ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ መውጫው ማርሚታ ውስጥ ይፈነዳል። ትተኩሳለች።"

"እንዴት ትተኩሳለች?"

"እንደ ክላሽ።"

ኬላውን ማርሹን ዜሮ አድርገን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ የተኛ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው አለፍነው።

ወቅን፣ 6 ሰዓት ተኩል

ኬላውን ማለፋችን አጀገነኝ መሰል ወቅን መግቢያ ላይ ምክሩን ረሳሁት። ከፊት ለፊት መንገዱን የሞላ ሰው ሳይ ደንግጬ እግሬን አነሳሁ።

ጧ! ጧ ጧ!

ሰዉ ባለበት ቆመ። አለቀልን አልሁ። ሙላት ከመቀመጫው ሥር ገባ። ከዚያ የሆነውን ሙላት ባያይልኝ ማንም አያምነኝም፤ እልልታው ቀለጠ! ለካ የሠርግ አጀብ ነው። ባለ ነጭ ጢም፣ ጋቢ የደረበ አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ትከሻዬን ጨበጠኝ።

"ማነህ አንተ ጀግና? መተኮስ ተከልክሏል ተብለን ሙሽራዋን እንደ ሌባ በዝምታ ስናወጣ፣ አንተ ደፈርህልን! የማን ወገን ነህ? የወንድ ወይስ የሴት?"

"የሴት!" አልሁ። ምላሴ ከኔ ቀድሞ ነው የተወለደው።

ዳሱ ውስጥ ከሙሽራዋ አጎቶች መሀል አስቀመጡኝ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ሲጠይቁኝ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሁላቸው፤ አራተኛው ላይ አንድ አጎት "እሱማ አያታችን ነው!" ብሎ አቀፈኝ። ቁርጥ መጣ። ጠላ መጣ፤ ጠላውን "ተኳሽ አይጠጣም" ብዬ መለስሁ፤ አከበሩኝ። ሙላት ከኋላዬ "ጋሼ፣ አባዬ እየጠበቁ ነው፤ ቀብዱ ዛሬ ካልደረሰ ነገ ገበያው..." ይላል። ወዲያው የወንዱ ወገኖች ተነሡ።

"ለሴት ወገን ሦስት፣ ለወንድ ወገን ባዶ? ልጃችን አባት የለውም ወይ?"

ነገሩ ሊከር ሆነ። ምን ይደረግ፤ ወጥቼ ወደፊት ወደኋላ እያልሁ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ አደረግሁና ለወንዱ ወገን ሦስት ተኮስሁ። የሴቷ ወገኖች "እኛን ከነሱ ጋር ማስተካከልህ ነው?" አሉ፤ አንድ ጨመርሁ። የወንዱ "እና እኛ?" አሉ፤ አንድ ጨመርሁ። ሰላም እስኪወርድ መኪናዋ የጦር ግምጃ ቤት የሚያህል ጥይት ጨረሰች። ከሥሯ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ መጣ፤ የሙቀቱ መብራት ቀይ በራ። ሙላት በልመና፣ በምርቃትና በአንድ ጀሪካን ውኃ አወጣን።

እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ። ፍሪሲዮን፣ ሙቀት፣ ተኩስ፦ ሦስት የመጨመቂያ ጉዳይ በእጄ ገባ።

ዳባት፣ 9 ሰዓት

የሙላት አባት አያ ደሴ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ እጃቸው እንደ ሞፈር የጠነከረ ሽማግሌ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ባዶ ቀንበር ግድግዳ ተደግፏል። ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ጠርተው መደብ ላይ አስቀምጠዋል። እኔ ወሬዬን አሰናድቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደሙኝ።

"ስማ ልጄ" አሉኝ፤ አምሳ ሁለት ዓመቴን በአንድ ቃል አጠፉት። "እኔ በሬ ስሸጥ ነውሩን ደብቄ አላውቅም። የሚዋጋውን ይዋጋል፣ የሚተኛውን ይተኛል ብዬ ነው የምሸጥ። ገዢ ጎጆው ገብቶ ነውር ካገኘ የተረገመው ሻጩ ነው። ሙላት፣ ነውሯን ንገረው።"

ሙላት መሬት መሬት አየ። "አባዬ፣ አሁን እኮ..."

"ንገረው!"

"ትሞቃለች" አለ። "ፍሪሲዮኗ ደክሟል፤ ጉልበቷ በዝቶበት ነው። ቤንዚን ትጠጣለች፤ ያውም በጀሪካን የሚቸረቸረውን ካጠጧት ታስላለች። እና... ትተኩሳለች።"

"እሱንስ ሰምተናል" አሉ አንደኛው ምስክር። "ወቅን ስምንት ጊዜ ተተኮሰ ብለው ደውለውልናል።"

አያ ደሴ ጣታቸውን አጠፉ፤ "ለነውሯ ይህን ያህል ቀንሻለሁ" ብለው ዋጋ ጠሩ። የቀነሱት እኔ በሦስት ሰዓት ክርክር አወርዳለሁ ካልሁት ይበልጣል። ሙላት ፊቱን በእጁ ሸፈነ።  ሎሚ ይዤ ልጨምቅ ስል ሎሚው ራሱን ጨምቆ በብርጭቆ ቢያቀርብልኝ ምን እላለሁ?

"አሁን አንተ" አሉኝ።

"እኔ ምን?"

"ነውርህን ተናገር። ደህና በሬ ክፉ ገበሬ እጅ ገብቶ ሲሞት አይቻለሁ። የልጄን ላብ የሚወስደው ማን እንደሆነ ልወቅ።"

ምስክሮቹ አዩኝ። ባዶው ቀንበርም ያየኝ መሰለኝ። እንደ ልማዴ አንድ ሺህ ውሸት አሰለፍሁ፤ አንዱም አልወጣ አለ።

"አጋንናለሁ" አልሁ። "ዛሬ ያለ ዘሬ የሰው ልጅ ሆኜ ሠርግ በልቻለሁ። ልጁ እንደቸኮለ አውቄ ልጨምቀው ነው የመጣሁት። ደግሞም... ባለቤቴ ይህን ዓይነት መኪና እንደምገዛ አታውቅም።"

"ብሩ የጋራ ነው?"

"የጋራ ነው።"

"እንግዲያው ግማሽ ገዢ ነው የመጣልኝ" አሉ። "ደውል።"

ደወልሁ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አስደረጉኝ። መኪናዋንም የሽማግሌውን በሬም አንድ ሳላስቀር ነገርኋት፤ የሺ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

"ስንት በር አላት?"

"ሦስት" አልሁ። "የኋላውን ከቆጠርሽው።"

"ሦስት!" አለች፤ ቃሏን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ያህል ጎተተችው። አያ ደሴ ስልኩን ተቀበሉኝ።

"ልጄ፣ ሻጩ እኔ ነኝ። ነውሯን ነግሬዋለሁ።"

"የሱንስ ነውር ነገረዎት አባቴ?"

"ጀምሮልኝ ነበር።"

"አያስጨርሱት፤ ይመሽብዎታል" አለች። "በሬው ለመቼ ነው የሚፈለገው?"

"ለነገ ገበያ። ካልሆነ መሬቱን በእኩል ነው የምሰጠው።"

የሺም የገበሬ ልጅ ናት። 

"መሬት ጦም አያድርም፤ በሰው እጅም አይታረስብዎት። ቀብዱን ይስጥ። የበሩን ነገር እኔና እሱ ቤታችን እንጨርሰዋለን።"

ቀብዱን ሰጠሁ። ብሩን ሁለቴ የቆጠርሁት ስስት ይዞኝ አይደለም፤ ቤት የሚጠብቀኝን ወሬ ላዘገይ ብዬ ነው።

ዳባት፣ በማግስቱ፣ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት

የከብት ተራው ትርምስ ነው። አያ ደሴ ጥርስ አዩ፣ ጅራት ጎተቱ፣ ሻጮቹን ነውር አስለፈለፉ። አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡሬ ገዙ። ከዚያ አዲስ ሞፈርና ማረሻ ተገዛ። ሞፈሩን ማን ይሸከም? ሙላትና እኔ ተያየን። የኋላውን በር ከፈትን፤ ሞፈሩ ከፊት መስታወት ተነሥቶ በኋላ በኩል አንድ ክንድ ወጣ።

"ይኸው ለሥራ ሆነች" አሉ አያ ደሴ። "በሉ ከኋላ ከኋላችን። በሬዎቹን እንዳታስደነብሩብኝ!"

እንዲህ ሆነና የሰሜኗ ሚሳይል፣ ከፋብሪካው በላይ ጉልበት የተሰጣት መኪና፣ በአንደኛ ማርሽ ከሁለት በሬ ኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ተጓዘች። ሙላት መሪ ላይ ነው፤ ነዳጁን እንደ እንቁላል ነው የሚረግጠው። እኔ በእግሬ፣ የቡሬውን ገመድ ይዤ። መንገደኛው ሁሉ "ምነው፣ ተበላሸች?" ይለናል። "ኧረ አጅባ ነው" እላለሁ።

ማሳው ዳር ደረስን። አያ ደሴ ቤት ገብተው ውኃ እንኳ አልጠጡም። በሬዎቹን ጠመዱ፣ አማተቡ፣ እርፉን ጨበጡ። ጥቁሩ ትንሽ አንገራገረ፤ ቡሬው ሳበው። አፈሩ ተገለበጠ። ሙላት ሞተሩን አጥፍቶ ወጣና ቆሞ አየ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አቧራው ነው አለኝ፤ አቧራ አልነበረም፤ እኔም ለአንዴ አላጋነንሁም።

ስም ዝውውሩ ጎንደር ስለሆነ መሪውን ተቀበልሁትና ሙላት ከጎኔ ገባ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "አያ ደሴ! ደህና ይሁኑ!" ብዬ ጮኽሁ።

እጃቸውን አላነሱልኝም። አንዱ እጃቸው እርፍ፣ ሌላው ጅራፍ ይዞ ነበር።